ጠፋች ተብላ በጅጅጋ ሜዳ ስለ ተገኘችው ወፍ

የጠፋ ነገር ሁለት ዓይነት ድካም አለበት። አንደኛው የጠፋውን እስኪያገኙ ድረስ የሚደከመው ነው፤ ሁለተኛውም ካገኙት በኋላ እንደ ገና እንዳይጠፋ ለመጠበቅ የሚደከመው ነው። የፊተኛውን ድካም ሰው ሁሉ ያየዋል፣ ያመሰግነዋልም፤ የጠፋውም ሲገኝ ደስታው የጎረቤት ሁሉ ይሆናል። የኋለኛው ግን ዕለት ዕለት የሚሠራ፣ ምስጋናውም ጥቂት የሆነ ሥራ በመሆኑ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ስለዚህም ስንት የተገኘ ነገር ካገኙት ሰዎች እጅ ተመልሶ ጠፍቷል!

ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው የአንዲት ትንሽ ወፍ ታሪክ ነው። ይህች ወፍ ሰማንያ ዓመት ያህል ጠፋች ስትባል ኖራ በአገራችን በጅጅጋ ሜዳ ላይ ተገኝታለች። ስለ ወፍ መጻፍ ለሕዝብ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር፣ ነገሩን እስከ ፍጻሜው እንዲከተለን እንለምነዋለን። የዚህች ወፍ ነገር የሣር ነገር ነውና፤ የሣርም ነገር የከብት፣ የከብትም ነገር የሰው ነገር ነውና። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ከሐረር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ የባቢሌን ድንጋያማ አገር፣ ቀጥሎም የካራማራን ተራራ ካለፈ በኋላ ከፊቱ ሰፊ ሜዳ ይከፈትለታል። ይህ ከባሕር ጠለል በላይ 1600 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚገኘው የጅጅጋ ሜዳ ነው። ከጅጅጋ ከተማ አንዱ መንገድ ወደ ምሥራቅ ወደ ቶጎ ውጫሌ ይሄዳል፤ ሌላውም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ታጥፎ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከቀብሪበያ ይደርሳል። ይህ የጠረፍ ከተማ ውጫሌ በ1889 ከኢጣልያ ጋር ውል የተደረገበት የወሎው ውጫሌ አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። በነዚህ ከተሞች ዙሪያ የሚኖረው የሱማሌ ሕዝብ ግመልና ላም፣ በግና ፍየል ያረባል፤ ዝናም በሚበቃበትም ስፍራ ማሽላና በቆሎ፣ ስንዴና ገብስ ይዘራል። ዝናም በወረደ ጊዜ ሜዳው አጭር ሣር ለብሶ ዐይን እስከሚያደርስ ድረስ ይታያል።

የሣሩ ሜዳ አንድ ሲሆን የመንግሥታት ወሰን ግን በመካከሉ ያልፋል። በ1897 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል የምሥራቁ ድንበር ተነገረ፤ ከዚያም ወዲህ የውጫሌ ሜዳ እኩሌታው በዚህ፣ እኩሌታው በዚያ ወገን ሆነ። እረኛው ዝናም ተከትሎ ወዲህና ወዲያ ይሻገራል፤ ወፍማ ከቶ ወሰን የሚባል ነገር አታውቅም። የታሪካችን መጀመሪያ ግን ከወሰኑ ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ነው።

ከ1914 እስከ 1922 ድረስ የእንግሊዝን ሱማሌላንድ ያስተዳደረው ሰር ጆፍሪ አርቸር የተባለው ሰው ነበረ። ይህ ሰው ከአገረ ገዥነቱ ሥራ ሌላ የወፎችን ጠባይ የሚመረምር፣ ናሙናቸውንም የሚሰበስብ ነበር። በኋላም ኢቫ ጎድማን ከምትባል ሴት ጋር ሆኖ ስለ እንግሊዝ ሱማሌላንድና ስለ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ወፎች የሚናገር አራት ቅጽ መጽሐፍ ጽፏል፤ የመጀመሪያው ቅጽ በ1937፣ የመጨረሻውም በ1961 ታተመ። አርቸር ከ1918 ጀምሮ በውጫሌ ሜዳ ላይ አስቀድሞ በሊቃውንት ዘንድ ያልታወቀች አንዲት የሣር ወፍ አገኘ። በ1920 ስቴፈንሰን ክላርክ የተባለ የወፍ ሊቅ ይህችን ወፍ መርምሮ በአግኚዋ ስም «ሄትሮሚራፍራ አርቸሪ» ብሎ ሰየማት። ፈረንጆች «ላርክ» ከሚሏቸው፣ በሜዳ እየኖሩ በአየር ላይ ከሚዘምሩት ወፎች ወገን ናት።

እስከ 1922 ድረስ ጥቂት ናሙናዎች ተሰበሰቡ። ከዚያ ዓመት በኋላ ግን በእርግጥ አየኋት ብሎ ማስረጃ ያቀረበ ሰው ጠፋ። ብዙ ሰዎች ያንኑ ሜዳ ደጋግመው ፈለጉ፤ አላገኟትም። የናሙናዎቹ ቆዳ በጥጥ ተሞልቶ በእንግሊዝ አገር ቤተ መዘክር መሳቢያ ውስጥ ሲቀመጥ፣ ሕያዋ ወፍ ግን ከሰው ዐይን ተሰወረች። በመጨረሻም ምናልባት ዘሯ አልቆ ይሆናል እየተባለ ይነገር ጀመር።

ወፊቱን ለማግኘት እንደዚህ ያስቸገረው ምክንያት ጠባይዋን ሲመለከቱት ይገለጣል። መጠኗ ከድንቢጥ ብዙ አይበልጥም። ቀለሟ የደረቀ ሣርና የአፈር ቀለም ነው፤ ጅራቷ ቀጭንና አጭር፣ የኋላ ጣቷ ጥፍር ግን ረዥም ነው። ሰው በቀረባት ጊዜ እንደ ሌሎች ወፎች ወዲያው አትበርም፤ ራሷን ዝቅ አድርጋ በሣሩ መካከል እንደ አይጥ ትሮጣለች። ጎጆዋንም በዛፍ ላይ ሳይሆን በመሬት ላይ ከሣር ጉጥ ሥር ትሠራለች። ዝናም ዘንቦ ሣሩ ባቈጠቈጠ ጊዜ ብቻ ወንዱ ከሜዳው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ክንፉን እያርገበገበ በአንድ ስፍራ ቆሞ ይዘምራል፤ ዘምሮም ሲጨርስ ወደ ሣሩ ወርዶ ይሰወራል። እንግዲህ በዚያ ወራት፣ በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ስፍራ ያልተገኘ ፈላጊ በአጠገቧ አልፎ ቢሄድ እንኳ አያያትም።

አንባቢ ምናልባት፣ ለመሆኑ ይህን ያህል ወፍ የሚፈልጉት ሰዎች እነማን ናቸው ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። በአውሮፓና በአሜሪካ፣ አሁን አሁንም በአፍሪካ አገሮች፣ የወፍ ተመልካቾች የሚባሉ ብዙ ሰዎች አሉ። ከነርሱም እኩሌቶቹ ሊቃውንት ናቸው፤ የሚበዙት ግን ሌላ ሥራ ያላቸው፣ በዕረፍታቸው ጊዜ የሩቅ ማያ መነጽር በአንገታቸው አንጠልጥለው የሚዞሩ ናቸው። በአገራቸው የማትታወቅ አንዲት ወፍ ነፋስ ከመንገዷ አስቶ ያመጣት እንደ ሆነ ወሬው በአንድ ቀን ይዳረሳል፤ እነርሱም ሌሊቱን ተጕዘው መጥተው በብርድና በዝናም ቆመው ይጠብቋታል። አይተዋትም ስሟን፣ ቀኑንና ስፍራውን በመዝገባቸው ይጽፋሉ። ይህን የሚሰማ ሰው ፈገግ ይል ይሆናል፤ ነገር ግን ከዚህ መዝገብ ብዙ ዕውቀት ተገኝቷል። የወፎች የጉዞ መንገድ፣ የብዛታቸው ማነስና መጨመር፣ የአየሩ ጠባይ መለወጥ ከሚታወቅበት ምስክር አንዱ የነዚህ ሰዎች ጽሑፍ ነው።

የጅጅጋዋ ወፍ ነገር ግን ነፋስ ካሳታት ወፍ ነገር የተለየ ነው። መንገድ ሳታ የመጣች ወፍ በሰው አገር እንግዳ ናት፤ ይህች ግን በገዛ ቤቷ የተቀመጠች ናት። መንገዱን ስቶ የኖረው የሰው ዕውቀት እንጂ ወፊቱ አልነበረችም።

በአገራችን እንደዚህ ያለ ነገር ሲሆን የመጀመሪያው ጊዜ አይደለም። በ1893 ልዑል ዩጂንዮ ሩስፖሊ የተባለው ኢጣልያዊ በደቡብ ኢትዮጵያ ሲዘዋወር ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል አንዲት ያማረች ወፍ ተገኘች፤ ነገር ግን ከየት እንደ ተያዘች የሚናገር ጽሑፍ አልነበረባትም። በ1896 በስሙ ተሰየመች፤ መኖሪያዋ ግን እስከ 1940ዎቹ ድረስ ለሊቃውንት እንቈቅልሽ ሆኖ ቆየ። አንድ ቃል ጽሑፍ ስለ ጎደለ ግማሽ ምእት ዓመት ፍለጋ ሆነ ማለት ነው። መዝገብ የሚይዙ ሹማምንት ይህን ታሪክ ቢያስታውሱት መልካም ነው።

እንደዚሁም በ1990 ከእንግሊዝ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በነጭ ሣር ፓርክ ውስጥ በመኪና መንገድ ላይ የሞተች የሌሊት ወፍ ዘር አገኙ፤ ይኸውም በጨለማ የምትበር፣ ላባ ያላት ወፍ እንጂ በተለምዶ የሌሊት ወፍ የምንላት እንስሳ አይደለችም። አካሏ ተጨፍልቆ ስለ ነበረ ከርሷ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነው። ሊቃውንት ያንን ክንፍ ከሌሎች ሁሉ ጋር አስተያይተው በ1995 አዲስ ዘር ናት ብለው ሰየሟት። በ2009ም አራት ሰዎች ወደዚያው ሜዳ መጥተው በሌሊት በብርሃን ሲፈልጉ አየናት ብለው ነገሩ። አንድ ክንፍ ይዞ ባለቤቱን መፈለግ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት እንመለስ። የአርቸር ወፍ በምሥራቅ ጠፋች እየተባለ ሳለ፣ በ1968 ኤራር የተባለ ፈረንሳዊ የወፍ ሊቅ በነገሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ ላይ አንዲት የሣር ወፍ አገኘ። በ1975ም አዲስ ዘር ናት ብሎ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ስም ሰየማት። ይህች የሊበን ወፍ በዚያ ሜዳ ላይ ብቻ የምትገኝ መሆኗ ስለ ታመነ የኢትዮጵያ ብቸኛ ሀብት ተብላ ተቈጠረች። ነገር ግን ሜዳው እየጠበበ፣ ሣሩም እየሳሳ ሄደ። ክሌር ስፖቲስዉድ የተባለችው የወፍ ሊቅ ከኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ባልደረቦች ከነመንግሥቱ ወንድአፍራሽ ጋር ሆና ባደረገችው ምርመራ፣ በ2007 እና በ2008 የቀሩት የሊበን ወፎች ከ90 እስከ 256 ቢሆኑ ነው ተባለ። ከ2007 እስከ 2009 ባለው ጊዜም በቈጠራው የተገኙት ወፎች ከመቶ አርባ እጅ ጐደሉ። ተመራማሪዎቹም፣ ነገሩ በዚሁ ከቀጠለ ይህች ወፍ በአፍሪካ ዋና ምድር ላይ በታሪክ ዘመን ስትጠፋ የምትመዘገብ የመጀመሪያዋ የወፍ ዘር ትሆናለች ብለው አስጠነቀቁ።

የሊበን ሜዳ የተበላሸበትን ምክንያት ሲመረምሩ አንድ ብቻ ሆኖ አላገኙትም። ከብቱ በዝቶ ሣሩ ዕረፍት አጣ፤ ከሜዳው እኩሌታው ታረሰ፤ የቀረውንም ቍጥቋጦ ወረሰው። ለቍጥቋጦው መብዛት አንዱ ምክንያት የቦረና እረኞች በጥንት ልማዳቸው ሣሩን በየጊዜው ያቃጥሉት የነበረው እሳት መከልከሉ ነው። የከለከሉት ሰዎች ለበጎ አስበው እንደ ሆነ አንጠራጠርም፤ ዳሩ ግን የሜዳውን ጠባይ ከሚያውቁት ሽማግሌዎች ጋር ሳይመከር የወጣ ትእዛዝ ያላሰቡትን ፍሬ አፈራ።

በዚሁ ጊዜ ከሊበን ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ በሚገኘው በጅጅጋ ሜዳ ላይ ይህችን የመሰለች ወፍ ታየች የሚል ወሬ በወፍ ተመልካቾች ዘንድ ይሰማ ጀመር። ስፍራው አርቸር ናሙናዎቹን ከሰበሰበበት ከውጫሌ ሜዳ ሩቅ አልነበረም። ሊቃውንቱ ወደ ስፍራው ሄደው ወፊቱን በዐይናቸው አዩ፤ ዝማሬዋን ቀረጹ፤ አካሏን ለኩ፤ የዘሯንም ምልክት መረመሩ። በቀድሞ ዘመን አንዲትን ወፍ ለማወቅ በጥይት መግደል ያስፈልግ ነበር፤ ዛሬ ግን ድምፅ መቅረጫና ጥቂት የዘር ናሙና የሚበቃ ሆኗል። ይህም የዕውቀት መጨመር ብቻ ሳይሆን የምሕረትም መጨመር ነው።

በ2013 የታተመው የምርመራው ፍሬ ሁለት ታላላቅ ነገሮችን አስታወቀ። አንደኛ፣ የአርቸር ወፍ አልጠፋችም፤ በኢትዮጵያ ምድር በጅጅጋ አጠገብ በሕይወት አለች። ሁለተኛ፣ የጅጅጋዋ ወፍና የሊበኗ ወፍ፣ አርቸርም ያገኛት የውጫሌዋ ወፍ አንድ ዘር ናቸው እንጂ ልዩ ልዩ ዘሮች አይደሉም። በሊቃውንት ሕግ ደግሞ አንድ ፍጥረት ሁለት ስም ቢወጣለት ቀድሞ የተሰጠው ይጸናል። ስለዚህ የ1920ው ስም ጸንቶ የ1975ቱ ስም ቀረ።

ከዚህ ላይ ቆም ብለን ነገሩን እናስተውል። ጠፋች የተባለች ወፍ ተገኘች፤ በዚህ ደስ ይለናል። ሁለት የነበሩት ግን አንድ ሆኑ፤ ይህም ማለት በዓለም ላይ ያላት ቤት እነዚህ ሁለት የተራራቁ ሜዳዎች ብቻ መሆናቸው ታወቀ ማለት ነው። በመካከላቸው ተራራና ቈላ፣ ጫካና እርሻ አለ። አጭር ሣር ያለበትን ደጋማ ሜዳ ካልሆነ በቀር ሌላ ቤት የማትወድ ወፍ ከአንዱ ሜዳ ወደ ሌላው እንደ ልቧ ልትሻገር አትችልም። የሊበን ሣር ቢያልቅ የምትሰደደው ወደ ጅጅጋ አይደለም፤ የጅጅጋውም ቢያልቅ ወደ ሊበን አይደለም። በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብም ይህች ዘር ለመጥፋት እጅግ ከቀረቡት ፍጥረታት ወገን ተጽፋ ትገኛለች።

መገኘት ብቻውን መዳን እንዳልሆነ ሌላ ምስክር እንጥራ። በ2002 በሶርያ በፓልሚራ በረሃ ጠፋ ይባል የነበረ ራሰ በራ የጋጋኖ ዘር ጥቂት ወፎች ቀርተው ተገኙ። በ2006 በጀርባቸው የሰማይ ምልክት መላኪያ መሣሪያ ታስሮላቸው ጉዟቸው ሲከተሉት፣ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ክረምታቸውን የሚያሳልፉት በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ሆኖ ተገኘ። ፈላጊዎችም ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ባለው ደጋ ወጥተው በዐይናቸው አዩአቸው። በዚያ ጊዜ ደስታው ታላቅ ነበር። ነገር ግን ከ2011 በኋላ በሶርያ በተነሣው ጦርነት ዘመን እነዚያ የመጨረሻዎቹ ወፎች አለቁ። ተፈልገው ተገኝተው ነበር፤ ስማቸውም በዓለም ጋዜጣ ሁሉ ወጥቶ ነበር፤ ሆኖም ከመጥፋት አላዳናቸውም።

እንግዲህ የጅጅጋ ሜዳ በምን ሁኔታ ላይ ይገኛል? ከጅጅጋ እስከ ቀብሪበያ፣ ከዚያም እስከ ሐርትሼክ ባለው አገር ባለፉት ሰባ ዓመታት የሆነውን መለወጥ የሚያስተውል ሰው ሦስት ነገር ያያል። የመጀመሪያው ቢርካ የሚባለው፣ በመሬት ውስጥ ተቈፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን የዝናም ውሃ ማጠራቀሚያ ነው። ቢርካ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ተስፋፋ። ከዚያ በፊት ሕዝቡ ከብቱን ይዞ በዝናም ወራት ወደ ሜዳው ይመጣ ነበር፤ በበጋ ውሃው ሲደርቅ ወደ ጉድጓዶቹ ይመለሳል፤ ሣሩም ያን ጊዜ ያርፍ ነበር። ቢርካ ከበዛ ወዲህ ግን ሰው በበጋም ተቀመጠ፤ መንደር ተሠራ፤ ሣሩም ዕረፍቱን አጣ። ቢርካ ለጥማት የተገኘ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን ለውሃው የታሰበውን ያህል ለሣሩ አልታሰበም።

ሁለተኛው ማረሻ ነው። የጅጅጋ ሜዳ አፈሩ ለእህል የሚስማማ፣ ለጥም የሚመች ስለ ሆነ እርሻው ከዓመት ዓመት ወደ ግጦሹ ይገፋል። የቀረውንም ሣር እያንዳንዱ በእሾህ አጥር እየከለለ ለብቻው መያዝ ጀምሯል። ሦስተኛው የስደተኞች መምጣት ነው። በ1988 በሰሜን ሱማሌ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ መቶ ሺሕ ሕዝብ ወሰኑን ተሻግሮ መጣ። የሐርትሼክ ሰፈር በዚያ ዘመን በዓለም ካሉት የስደተኞች ሰፈሮች የበለጠ ትልቅ ነበር ተባለ፤ በ2004 ተዘጋ። የቀብሪበያ ሰፈር በ1991 ተከፈተ። አገራችን እነዚህን ሰዎች መቀበሏ የሚያስመሰግናት ሥራ ነው፤ የማገዶና የግጦሽ ዕዳውን የተሸከመው ግን የዚያ አገር ሜዳና የዚያ አገር ሕዝብ መሆኑ ሊረሳ አይገባም።

በዚህ ስፍራ ተቃዋሚ ተነሥቶ፣ «ሰው በተራበበትና በተጠማበት አገር ስለ አንዲት ወፍ መጨነቅ ቅንጦት አይደለምን?» ይለን ይሆናል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ መልስም ይገባዋል። ወፊቱና ላሟ ጠላቶች ቢሆኑ፣ ሣሩን ለወፊቱ ስንጠብቅ ለላሟ የምንከለክል ቢሆን፣ የተቃዋሚው ነገር እውነት በሆነ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ወፊቱ የምትፈልገው ከብት ሊግጠው የሚችለውን ሜዳ ነው፤ ሆኖም እስከ ሥሩ ያልተጋጠ፣ በየጊዜው ያረፈ፣ ቍጥቋጦ ያልዋጠው፣ ማረሻም ያልገለበጠው መሆን አለበት። አርብቶ አደሩም ለላሙ የሚመኘው ይህንኑ ነው። ስለዚህ ወፊቱ ከሜዳው ስትጠፋ የሚነገረን ዜና የወፍ ሞት ብቻ አይደለም፤ በሚመጣው ድርቅ የከብቱ መኖ እንደማይበቃ ቀድሞ የተላከ መልእክት ነው።

ይህም ከንቱ ተስፋ አለመሆኑን የሊበን ሜዳ ይመሰክራል። በቦረና ዘንድ ካሎ የሚባል የጥንት ልማድ አለ፤ ይኸውም የሣር መሬት በማኅበር ተከልሎ ለጥጆችና ለበጋ ጊዜ የሚጠበቅበት ሥርዓት ነው። የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩና ወዳጆቹ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ተስማምተው በሊበን ሜዳ ላይ እንደዚህ ያሉ ካሎዎች እንዲከለሉ፣ ቍጥቋጦውም እንዲመነጠር አደረጉ። ሣሩ ተመለሰ፤ ወፊቱም ከውጭው ይልቅ በካሎዎቹ ውስጥ በርክታ ተገኘች። ለጥጃ በተጠበቀ ሣር ወፍ ዳነች ማለት ነው።

እንግዲህ ከሹማምንቱና ከሊቃነ ካህናቱ፣ ከአገሩም ሽማግሌዎች ምን ይጠበቃል? የዞንና የወረዳ ሹም የግጦሽ መሬት ለእርሻ ወይም ለመንደር ከመፍቀዱ በፊት በስፍራው ያለውን ሣር ማን እንደሚጠቀምበትና ምን ፍጥረት እንደሚኖርበት ይጠይቅ፤ አዲስ ቢርካም ሲፈቀድ በዙሪያው ያለው ሣር በየትኛው ወራት እንደሚያርፍ አብሮ ይወሰን። በ2007 የተከፈተው የጅጅጋ ዩኒቨርሲቲ ደቀ መዛሙርቱን በዝናም ወራት ወደ ሜዳው እየላከ ወፊቱን ያስቈጥር፤ የቈጠራውም መዝገብ የየት ስፍራና የመቼ ቀን እንደ ሆነ በደንብ ይጻፍ። አለዚያ የልዑል ሩስፖሊ ታሪክ ይደገማል። ገራዶቹና ኡጋዞቹ፣ ሼኮቹም በሸንጓቸው ላይ የግጦሹን ሕግ ሲያጸኑ መንግሥት ቃላቸውን ይደግፍ፤ ሜዳውን ከነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ የለምና። ወፊቱም ብትሆን ለመጻሕፍት ጠፋች እንጂ በየቀኑ በሜዳው ላይ ለሚውለው እረኛ ጠፍታ ነበር ለማለት ማን ይደፍራል?

ወፍ ለማየት የሚመጡትም እንግዶች ግዴታ አለባቸው። ጎጆ በመሬት ላይ በምትሠራ ወፍ ሜዳ ላይ እንደ ልብ መኪና መንዳት፣ በሣሩም ላይ ተሰልፎ መርገጥ እንቍላል መስበር ነው። የተቀረጸ ድምፅ እያሰሙ ወንዱን ደጋግሞ መጥራትም ከእንስቲቱና ከጎጆው ይለየዋል። እንግዳው የአገሩን ልጅ መሪ አድርጎ ይሂድ፤ የድካሙንም ዋጋ ይክፈለው። በዚህ ዓይነት ወፊቱ ለቀብሪበያና ለጅጅጋ ወጣቶች የእንጀራ ምክንያት ትሆን ዘንድ ይቻላል፤ ሰውም ከሚጠቀምበት ነገር ይልቅ በትጋት የሚጠብቀው የለም።

ካህናት ደግሞ በዚህ ነገር ባዕድ አይደሉም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ቅጥር የተጠበቀው ደን ስንት ወፍና ስንት አራዊት እንዳዳነ እናውቃለን። በኦሪት ዘዳግም በሃያ ሁለተኛው ምዕራፍ የተጻፈውን የወፍ ጎጆ ሕግ የማያውቅ ካህን የለም፤ ጫጩት የወሰደ እናቲቱን እንዲለቅ የሚያዝዝ፣ ትእዛዙንም ለሚጠብቅ መልካም ኑሮና ረዥም ዕድሜ የሚሰጥ ሕግ ነው። ምሥጢሩም ግልጥ ነው፤ ፍሬውን የሚበላ ሰው የፍሬውን ምንጭ እንዳያጠፋ ነው። ይህ ትምህርት በዐውደ ምሕረት ሲነገር ለደገኛው ገበሬ፣ በመስጊድም በዚያው መንፈስ ሲነገር ለቈለኛው አርብቶ አደር ይደርሳል።

የውጭ አገር ሰዎች ሰማንያ ዓመት ያህል ፈልገው ወፊቱን አግኝተዋታል፤ የመፈለጉ ድካም በዚህ ተፈጽሟል። የተረፈው ሁለተኛው ድካም ነው፤ እርሱም በሜዳው ባለቤቶችና በአገሩ ሹማምንት እጅ ይገኛል። አርቸር ወፊቱን ባገኘ ጊዜ አጥንቷንና ላባዋን ለቤተ መዘክር አስቀመጠ። እኛ ግን ሕያዋን ከነሣሯ፣ ሣሩንም ከነከብቱና ከነእረኛው ለልጆቻችን ልናስቀምጥ የምንችልበት ጊዜ ገና አላለፈብንም። በሚመጣው የዝናም ወራት በጅጅጋ ሜዳ ላይ ወንዱ ከሣሩ በላይ ወጥቶ ሲዘምር የሚሰማ ሹም ቢኖር፣ ሣሩ ገና በሕይወት እንዳለ የተነገረው መሆኑን ይወቅ፤ ስለ እርሱም የሚፈርመውን ወረቀት አስተውሎ ይፈርም።